በቀይ የተቀባው ወር

ሬምያ ስልኳን የወረወረችው ዝናቡ ደቡብ ህንድ ኮቺ በገባበት ጠዋት ነው። ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ የሻይ ብርጭቆውን መታው፤ ሻዩም የደንበኞችን ደብዳቤ አራሰው።

«ደግሞ ምን አለሽ?» አሉ እትዬ ሱሳማ። የጉዞ ቢሮው ባለቤት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን ሲልኩ ኖረው፣ እሳቸው ግን ከባቡር ጣቢያው አልፈው አያውቁም።

«‹በሐምሌ አትምጪ፤ በየካቲት ነይ› ይላል።»

«የት? ሌህ?»

«ሌህ።»

እትዬ ሱሳማ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ግድግዳውን አዩ። «በየካቲት ሌህ ጠላቴንም አልልክ» አሉ።

ግድግዳው ላይ ሰንጠረዡ አለ። ከላይ አሥራ ሁለቱ ወራት፣ ከጎን የአገሪቱ ክፍሎች። አረንጓዴ ሂዱ ነው፣ ቢጫ አስቡበት፣ ቀይ ተዉት። ህንድ ሰፊ ናት፤ የራጃስታን አሸዋ በግንቦት እግር ሲጠብስ ተራራው ላይ ገና በረዶ በአካፋ ይዛቃል፤ ኬራላ በሰኔ በጎርፍ ስትታጠብ ዴልሂ አንድ ጠብታ ትለምናለች። ወደ ቢሮው የሚደውል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ብሄድ ይሻለኛል?» ብሎ ነው። መልሱን በቀለም ያስቀመጠችው ሬምያ ናት። በሰሜን ተራሮች ላይ ባለችው በሌህ መስመር፣ በየካቲት ሳጥን ውስጥ፣ በቀዩ ላይ፣ በደቃቅ የእጅ ጽሕፈቷ «ማንም አይላክ» ብላለች።

መልእክቱን የላከው ጂግሜት ይህን ሳጥን ያውቀዋል። ሲቀባ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ሦስተኛ ጊዜው ነው» አለች ሬምያ ጠረጴዛውን እየጠረገች። «መጀመሪያ በሐምሌ ልምጣ አልኩት፤ የካቲት አለኝ። አምና በሰኔ አልኩት፤ የካቲት አለኝ። መንገዱ ተዘግቶ፣ የቧንቧው ውሃ ድንጋይ ሆኖ፣ ማረፊያው ሁሉ ተቆልፎ ሳለ ነይ ይለኛል። ይኼ ምን ማለት ነው እትዬ?»

«አትምጪ ማለት ነዋ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በግልጽ መናገር አፍሮ ነው።»

ይህን መልስ ሬምያ ራሷ ካገኘችው ቆይታለች። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ፊቷ እሳት ሆነ።

የተዋወቁት ተጣልተው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የየክፍለ ሀገሩ የጉዞ ቢሮዎች አንድ የጋራ ሰንጠረዥ እንዲያወጡ ዴልሂ ተሰብስበው ነበር። ሬምያ ቀለሞቹን ይዛ ተቀምጣለች። የሌህን ሾፌሮች ወክሎ የመጣው፣ ጉንጩን ፀሐይ ያከሰለው ወጣት ከኋላዋ ቆሞ እጇን ሲያይ ቆየ።

«ጥቅምትን ምነው ቢጫ አደረጉት?»

«ብርድ ነው።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከኮቺ።»

«እንዲያ ይበሉኝ! ኮቺ እኮ ማራገቢያ ሲከፈት ነው ብርድ የሚባለው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሬምያ አልሳቀችም፤ ቀና ብላ ብቻ አየችው። እሱም ሳቁን ዋጠው። «በጥቅምት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የዛፉ ቅጠል ሁሉ እንደ እሳት ይነዳል። ሰማዩ ደግሞ…» ቃል አጣና መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። መዳፉ ውስጥ ምንም አልነበረም። ሬምያ ባዶውን መዳፍ ተመለከተችው፤ ከዚያ አረንጓዴውን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተገናኝተዋል። ሁሉም ዴልሂ ነው፣ በመጋቢት ወይም በጥቅምት መጨረሻ፣ የሁለቱም ሥራ በሚላላባቸው ጥቂት ቀናት። አንድ ጊዜ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠው የእናቱን የደረቀ ኮክ ሲበሉ፣ ፍሬውን በድንጋይ እየሰበረ ውስጡን ለእሷ፣ ቅርፊቱን ለራሱ ያስቀር ነበር። ቅርፊቱ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ።

ችግሩ ሌሎቹ ወራት ናቸው። ኬራላ እንግዳ የሚጎርፍባት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ሬምያ ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። የሌህ መንገድ የሚከፈተው በሰኔ፣ የሚዘጋው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጂግሜት ከመኪናው አይወርድም። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሮጣል።

እናቷ ወይዘሮ ሳራስዋቲ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የምትጠራው፦ «ቀልድ»።

«ልጁ ሥራ አለው፤ ዓረብ አገር ማስካት ነው፤ መሐንዲስ ነው» ትላለች ልትድርላት ስላሰበችው ሌላ ሰው፣ ሩዙን እያማሰለች። ቀልድ ያልሆነው እሱ ነው። «ቤተሰቦቹ ካርኪዳካም እንዳለቀ እንምጣ ብለዋል። አዲሱ ወር ቺንጋም በገባ ቀን። ምን ልበላቸው?»

ካርኪዳካም የዝናቡ ልብ ነው። በዚያ ወር ሰርግ የለም፣ ልጅ ለጋብቻ አይጠየቅም፣ ሰው መንገድ አይጀምርም። በነሐሴ አሥር ያልቃል። ሬምያ ይህን ወር ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠላዋለች፤ ዘንድሮ ግን የተሰጣት ጊዜ እሱ ብቻ ሆነ።

«እስኪያልቅ ጠብቂኝ» አለች።

«እሱስ ጥሩ። የት ልትሄጂ ነው ሻንጣ የምታወርጂው?»

«ሌህ ልሄድ ነው።»

ማማሰያው ቆመ። «በካርኪዳካም? ውሻ እንኳ ከደጅ በማይወጣበት ወር? አብደሻል ልጄ?»

«አዎ፣ እማዬ። አብጃለሁ።»

ለጂግሜት አልነገረችውም። እንደማንኛውም ደንበኛ በቢሮው በኩል፣ በእናቱ ማረፊያ ቤት አንድ ክፍል ያዘች፤ የአምስት ቀን፣ ቁርስ ያለው። ፊት ለፊት ቆማ «የካቲት» ሲላት ልትሰማው ነው የምትሄደው። ምናልባትም በጥፊ ልትለው።

ሌህ አየሩ ቀጭን ነው። ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሁሉ «የመጀመሪያውን ቀን ተኝተው ይዋሉ» ብላ የምትጽፈው እሷው ናት። ስለዚህ ቁጣዋን ይዛ ተኛች። ራሷ እንደ ከበሮ ይመታል፤ በልቧ ያዘጋጀችውን ንግግር ገና ስትጀምረው ትንፋሽ ያጥራታል። በደንብ ለመቆጣት እንኳ አየር አልበቃ አላት።

የጂግሜት እናት እማማ ያንግዶል ፈገግታቸው የማያልቅ አጭር ሴት ናቸው። ሂንዲ ጥቂት ነው የሚችሉት። ከኮቺ ቢሮ የመጣውን ወረቀት አዩና ፀሐይ የሚገባበትን፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነውን ክፍል ሰጧት። ሬምያ ልጅዎን አውቀዋለሁ አላለችም። ጠዋት ኦምሌት፣ የተጠበሰ ዳቦና ማርማላት መጣላት፤ ማታ ሩዝና ምስር። ከማድ ቤቱ ግን የሾርባና የቅቤ ሻይ ሽታ ይመጣል፤ ሰዎች ይስቃሉ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ዘፈን ሰማች። በሁለተኛው ቀን ተነስታ የማድ ቤቱን በር ገፋች። ሳቁ ቆመ። እማማ ያንግዶል እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ፈጥነው ተነሱ፤ በፍቅር እጇን ይዘው ወደ እንግዳው ገበታ መለሷትና አንድ ኦምሌት ጨመሩላት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከደጅ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ጂግሜት ስድስት የኮልካታ ሰዎች ጭኖ ገባ፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ከመኪናው ወርዶ ሻንጣ ሲያወርድ፣ በአትክልቱ ውስጥ የወተት ሻይ ይዛ የተቀመጠችውን ሴት አየ። ሻንጣው ከእጁ ወደቀ።

«ሬምያ?»

«ጁሌ» አለችው፤ ቱሪስት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማራት ሰላምታ ናት።

«መቼ መጣሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት የካቲት ይሉኝ ነበራ።»

«እርስዎ» ስትለው ከአቧራው ሥር ፊቱ ሲለዋወጥ ታያት። ደስ አላት። ደስ ስላላትም ተናደደች።

«አልገባኝም» አለ።

«እኔ ነኝ ያልገባኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ! ካልፈለግከኝ አልፈልግሽም ማለት አቅቶህ ነው? በቀይ ወር ነይ ትለኛለህ? እኔን? ቀዩን የቀባሁትን ሰው?» ትንፋሿ አጠራት፤ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። «ሦስት ጊዜ ከለከልከኝ!»

«ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ!»

ድምፁ ግቢውን ሞላው። የኮልካታ ሰዎች ሻንጣቸውን ትተው መስማት ጀመሩ።

«በሐምሌ እዚህ የሚመጣው ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው!» አለ ጂግሜት። «እኔ ቤት የለሁም። አጎቶቼ እርሻ ላይ ናቸው። እናቴ ኦምሌት ስትጠብስ ትውላለች። ማን ሊያይሽ ነው? ከማን ጋር ልትቀመጪ ነው? መንገዱ ሲዘጋ ነው እኛ ለራሳችን የምንተርፈው። ዘመዱ ሁሉ ምድጃ ይከባል። ልጅ የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው፣ ሠርጉም ያን ጊዜ ነው። በየካቲት ነይ ያልኩት እኮ ለሌላ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ነው!»

የሬምያ ቁጣ ግን አልበረደም፤ መሄጃ አጥቶ እዚያው ፈላ።

«እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

«የምታውቂ መሰለኛ! የአገሩን ወራት በሙሉ በቃሏ የምታውቅ ሴት!»

«የማውቀው ለቱሪስት ነው!»

«አንቺ ታዲያ ቱሪስት ነሽ?»

«ጠይቃቸው እናትህን! አራት ኦምሌት በልቻለሁ!»

እማማ ያንግዶል በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁት፤ በአጭሩ መለሰላቸው። ሴትየዋ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ሬምያ ቀረብ ብለው፣ በተሰባበረ ሂንዲ፣ «የየካቲቷ?» አሏት። «አንቺ የየካቲቷ ነሽ?»

በዚያ ቤት ስሟ ይህ ነበር። እጇን ይዘው ማድ ቤት አስገቧት፤ በነሐስና በመዳብ ዕቃ የሚያበራ፣ መካከሉ ላይ ትልቅ የብረት ምድጃ የቆመበት ክፍል ነው። ከምድጃው በስተቀኝ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ፣ አንድ ያልተቀመጡበት አዲስ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ሁለት የበረዶ ወቅት እሷን ሲጠብቅ ባዶውን ከርሟል። ሬምያ ተቀመጠችበትና አለቀሰች፤ የንዴት ለቅሶ ነው፣ ጥርሷን ነክሳ። እማማ ያንግዶል ጨው ያለበት የቅቤ ሻይ ሰጧት። ጠጣችው፤ ክፉኛ አስጠላት፤ ሁለተኛም ጠጣች።

ጂግሜት ፊቱን ታጥቦ መጥቶ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ የእሱ ተራ ነበር።

«እኔስ?» አለ። «እኔን መቼ ነው የጠራሽኝ? ሁልጊዜ በዝናብ ና ትይኛለሽ። በታኅሣሥ ልምጣ ስልሽ ሥራ አለብኝ ትያለሽ። ያ ዝናብ በሰንጠረዥሽ ላይ ምን ቀለም ነው?»

«ቀይ።»

«ቀይ። እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ጎረቤት እንዳያየኝ ነው አልኩ። ዓይኑ ጠባብ፣ ፊቱ የከሰለ ሰው ይዛ ከምትታይ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተኛበት ወር ሹልክ ብሎ ይግባ ብላ ነው አልኩ።»

«እንዲህ አሰብክ?» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እንዲህ ያለች ሴት መስዬህ ነው ሁለት ዓመት ኮክ ስትሰብርልኝ የከረምከው?»

በምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ተሰነጠቀ።

«ታዲያ የካቲት ነይ» አለ ጂግሜት፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«የካቲት አይደርስልኝም።» ስለ ነሐሴ አሥር ነገረችው፤ ስለ ማስካቱ መሐንዲስ፣ ስለ እናቷ፣ በካርኪዳካም ልጅ ስለማይጠየቅበት አገር። «ወሩ ሲያልቅ ይመጣሉ። እኔም እዚያ መሆን አለብኝ።»

«አሁን እንዴት አድርጌ… ሐምሌ እኮ ነው። የዓመት እንጀራችን በእነዚህ አምስት ወራት…»

«ወንድም!» አለ ከኮልካታ ሰዎች አንዱ፣ አንገቱን በበሩ አስግጎ። «ይቅርታ፣ ጸባችሁን ልረብሽ አልፈለግኩም፤ ነገ ወደ ሐይቁ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

«በአሥራ አንድ» አለ ጂግሜት ፊቱን ሳያዞር።

በማግስቱ ሬምያ ስትነቃ መኪናው ሄዷል። በሁለተኛው ቀን እሷም ሄደች። ለእማማ ያንግዶል ክፍሉን ልትከፍል ስትል፣ ሴትየዋ እንደተሰደበ ሰው ገንዘቡን ገፍተው መለሱላት።

ኮቺ ዝናቡ አላባራም። ሬምያ ስልኳን አላነሳችም፤ እሱም ሁለት ጊዜ ብቻ ደውሎ ተወ። ሁለት ጊዜ ብቻ መደወሉ አናደዳት፤ ደጋግሞ ቢደውል ኖሮም አታነሳም ነበር። እናቷ በየጠዋቱ በካርኪዳካም የሚጠጣውን አጥሚት አፍልታ ታስጠጣታለች፤ ሩዝ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ሥራሥር የገባበት፣ መራራ። ለዝናብ ወር ሰውነት ያጠነክራል ይባላል። ለእንግዳ አይቀርብም፤ የቤት ሰው ብቻ ፊቱን እያጨማደደ የሚውጠው ነገር ነው።

«አኩርፈሽ ብትጠጪው የባሰ ይመርሻል» አለች እናቷ።

«ስቄ ብጠጣውም ያው ነው።»

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ ካርኪዳካም ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ ሬምያ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። በዚያ ዝናብ የሰፈሩ ሰው በሩን ዘግቶ አይተኛም፤ የሚሠራው ስለሌለ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። በዓመት ውስጥ በኮቺ ጎረቤት በሙሉ ተሰልፎ የሚገኘው በዚያ ወር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም የሱፍ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እየተራመደ ሲመጣ ያላየው ቤት አልነበረም።

«የማን እንግዳ ነው?» ሲሉ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ተጠያየቁ። «ካፖርት! እዩት ካፖርቱን!»

ጂግሜት በየበረንዳው እየዞረ አንገቱን ዝቅ እያደረገ ሰላምታ ሰጠ። የሬምያ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሃው ከቅንድቡ ይንጠባጠባል።

«መኪናውስ?» አለች ሬምያ። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። ያጋጨዋል።»

«የዓመት እንጀራችን አላልክም?»

«ብያለሁ። ከተለያየን በኋላ ሦስት ቀን እየተሳደብኩ ነዳሁ። አንቺን፣ ከዚያ ራሴን፣ ከዚያ የካቲትን። ሐይቁ ዳር የኮልካታው ሰውዬ ‹ወንድም፣ ለእኛ ይኼን ያህል ከምትጮህ ለእሷ ሄደህ ጩህ› አለኝ።»

ወይዘሮ ሳራስዋቲ ወጣች። ከራሱ እስከ እግሩ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ለምንድን ነው የመጣኸው?»

«ልጅዎን ልጠይቅ ነው።»

«ዛሬ?» ድምፅዋ ሦስት ቤት ተሻገረ። «ካርኪዳካም እኮ አላለቀም! በዚህ ወር ማን ልጅ ይጠይቃል? በዚህ ወር ማን ደጅ ይረግጣል? ወይ ጉዴ! አራት ቀን መጠበቅ አቃተህ?»

«አራት ቀን ብጠብቅ ሌሎች ይቀድሙኛል።»

«ያገሩን ወግ የማያውቅ ሰው!»

«አላውቅም» አለ ጂግሜት። «እኔ በማውቀው ወር ጠራኋት፤ አልመጣችም። እሷ በምታውቀው ወር ጠራችኝ፤ አልመጣሁም። ስለዚህ ወሩን ተውኩት።»

ሬምያ እናቷን አየች፤ እናቷ ካፖርቱን አየች፤ ጫፉ በረንዳው ላይ ኩሬ ሠርቷል፣ ሰውየውም ይንቀጠቀጣል። ከበረዶ አገር የመጣ ሰው፣ በኮቺ ሙቀት፣ ይንቀጠቀጣል።

«ግባ» አለች እናቷ በቁጣ። «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል? ማንንም ሰው ደጄ ላይ ገድዬ አላውቅም።»

ቤት ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ነገር አልነበረም። በዚያ ወር ማን እንግዳ ይጠብቃል? ወይዘሮ ሳራስዋቲ ድስቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ከዚያ የጠዋቱን አጥሚት አሙቃ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ከፊቱ ዷ አደረገችው።

ጂግሜት አንድ ጊዜ ፉት አለ። ፊቱ እንደ ደረቀ ኮክ ተጨማደደ። «ይጣፍጣል» አለ።

«ውሸታም!» አለች እናቷ፣ ጨመረችለትም። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ ምድጃውን እየነካካች፣ «ሬምያ» አለች፣ «የማስካቶቹ ይምጡ ወይስ አይምጡ? አሁኑኑ ተናገሪ፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው።»

«አይምጡ።»

«ዘንድሮ በዚህ ሰፈር ስሜ ጠፋ» አለችና መደወል ጀመረች። ቁጥሩን እየነካች ወደ ጂግሜት ዞረች። «አንተም የሰጠሁህ እንዳይመስልህ! ቤትህን ሳላይ፣ እናትህን ሳላይ አንድ ቃል አይወጣኝም። እናንተ ጋ ሰው የሚታየው መቼ ነው?»

ጂግሜትና ሬምያ ተያዩ።

«በየካቲት» አሉ አብረው።

በጥቅምት እትዬ ሱሳማ የሬምያን የፈቃድ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት። «የካቲት? ቢሮው እስከ አፉ በሚሞላበት በየካቲት? ከእናትሽ ጋር? ገደል ግቢ! እሺ፣ ሂጂ! ስትመለሺ ወንበርሽን ብታገኚው ምን አለች በይኝ!» ብለው ፈረሙላት። ፈርመውም ግድግዳውን አዩ፤ አዲሱ የዓመቱ ሰንጠረዥ ገና ቀለሙ አልደረቀም።

«ታዲያ ይቺን ሳጥን አትቀይሪያትም? ራስሽ እየሄድሽ ቀይ ትሆናለች?»

«ትሁን» አለች ሬምያ። ጎንበስ ብላ፣ በቀዩ ላይ፣ እንደ አምናው በደቃቅ ጽሕፈት «ማንም አይላክ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ለዚያው ለየካቲት ሁለት የአውሮፕላን ቦታ ያዘች፤ አንዱን በእናቷ ስም፣ ሌላውን በራሷ። ማረፊያ ክፍል ግን አልያዘችም።